«ተለያይተዋል» የሚለው ቃል በመሬት ጽሕፈት ቤት ደጅ

ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ የሚወስደው መንገድ ቡራዩን አልፎ ገፈርሳ ግድብ አጠገብ ይደርሳል። የግድቡ ውኃ ለዋና ከተማዪቱ ነዋሪ ለረጅም ዘመን ሲያገለግል የኖረ ነው፤ በዙሪያው ያለው አገር ግን እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ገብስና ጤፍ የሚዘራበት የገበሬ መሬት ነበር። በ2015 ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታና ሌሎች የአዲስ አበባ ዙሪያ ከተሞች ተጠቃልለው ሸገር ከተማ ሲባሉ፣ ገፈርሳ ጉጄ በሚል ስም ከ12ቱ ክፍለ ከተሞች አንዱ ሆነ። እኔ በዚያ አካባቢ ባለች አንዲት አነስተኛ መድረሳ በሳምንቱ መጨረሻ ፊቅህ አስተምራለሁ፤ በሌሎቹ ቀናት የዩኒቨርሲቲ መምህር ነኝ። ይህን የምገልጸው ስለ ራሴ ለመናገር ሳይሆን፣ ቀጥሎ የምተቸውን ንባብ በሁለት የተለያዩ መድረኮች፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ስለ ሰማሁት ነው።

የመጀመሪያው መድረክ ከዙሪያው ከተሞች በአንዱ የሚገኝ የመሬት ጽሕፈት ቤት ነበር፤ የትኛው እንደ ሆነ መጥቀስ ለነገሩ አይጠቅምም። ከመስጊድ ኮሚቴ ሽማግሌዎች ጋር ሄደን የአምልኮ ቦታ በምን መንገድ እንደሚጠየቅ ስናነጋግራቸው፣ ትሑት የሆነ ወጣት ባለሙያ ሕገ መንግሥቱ መንግሥትንና ሃይማኖትን ስለ ለየ ጽሕፈት ቤቱ በሃይማኖት ጉዳይ እንደማይገባ አስረዳን። ሁለተኛው መድረክ በዚያው ሳምንት ጁሙዓ የሰማሁት ኹጥባ ነው። ኸጢቡ ያንኑ አንቀጽ 11 ጠርተው፣ መንግሥትና ሃይማኖት ስለ ተለያዩ መንግሥት በአላህ ቤት ላይ አንዳች ሥልጣን እንደሌለው ተናገሩ። ባለሙያውና ኸጢቡ በምንም የማይስማሙ ይመስላሉ። ጠጋ ብሎ ለመረመረ ግን ንባባቸው አንድ ነው፤ ለሁለቱም «መለያየት» ማለት መንግሥት መስጊድን አያይም ማለት ነው። አንደኛው ኃላፊነትን ለማራቅ፣ ሌላኛው ተጠያቂነትን ለማራቅ ይጠቀምበታል። የዚህ ጽሑፍ ክርክር ይህ ንባብ በሁለቱም በኩል የተሳሳተ መሆኑን ማሳየት ነው፤ ስሕተቱም የሚጀምረው ቃሉ በአገራችን በምን ምክንያት እንደ ተወለደ ከመርሳት ነው።

በኢትዮጵያ ሙስሊሞች ታሪክ መንግሥትና ሃይማኖት ይለያዩ የሚለው ጥያቄ በአደባባይ ጎልቶ የተሰማው ሚያዝያ 12 ቀን 1966 በአዲስ አበባ በተደረገው ታላቅ ሰልፍ ነው። ጥያቄው በምን ዐይነት አገር እንደ ቀረበ እናስታውስ። በ1948 የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 126 የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን አድርጎ በመንግሥት እንድትደገፍ ደንግጓል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 398 ለእርሷ ሕጋዊ ሰውነት ሲሰጥ፣ የሌሎችን ሃይማኖቶች ጉዳይ ወደፊት ለሚወጡ ልዩ ሕጎች ትቶታል። ቤተ ክርስቲያኒቱ ከአገሪቱ ታላላቅ ባለመሬቶች አንዷ ነበረች። በሰሜኑ ደጋ ደግሞ ሙስሊሙ በአብዛኛው ከርስት ተከልክሎ በሽመናና በንግድ የኖረ ሕዝብ ነው፤ «ሰማይ አምድ የለው፣ እስላም አገር የለው» የተባለውም ከዚሁ ኑሮ የወጣ አባባል ነው። አገር ማለት መሬት ነውና።

ስለዚህ በ1966 አደባባይ የወጡት አባቶቻችን «ይለያዩ» ሲሉ መንግሥት ዐይኑን እንዲጨፍን መጠየቃቸው አልነበረም። የጠየቁት የተገላቢጦሹን ነው፦ መንግሥት አንዱን ብቻ ማየቱን ትቶ ሁሉንም በእኩል እንዲያይ፤ «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» መባል ቀርቶ «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች» እንዲባሉ፤ በዓላቸው በአገሪቱ የቀን መቁጠሪያ እንዲገባ። የበዓላቱ ጥያቄ በዚያው ዓመት ማግሥት ተመለሰ። የመሬቱ ጥያቄ ደግሞ የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ነው ሲባል፣ ለሙስሊሙ ብቻ ሳይሆን ለአራሹ ሁሉ ተመለሰ። ደርግ ሃይማኖትን የተመለከተበት ዐይን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እዚህ አልገባበትም። ለእኛ ጉዳይ የሚያስፈልገው አንድ ነጥብ ነው፤ ከዚያ ቀን ወዲህ መሬት የመንግሥት ሆኗል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 ይህንኑ አጽንቶ መሬትን የማይሸጥና የማይለወጥ የመንግሥትና የሕዝብ ሀብት አድርጎታል።

አንቀጽ 11ን ከአንቀጽ 40 ነጥሎ ማንበብ የሚያመጣው ጉድለት እዚህ ላይ ይታያል። መሬት በግለሰብ እጅ በሆነበት አገር መንግሥት «በአምልኮ ቦታችሁ አልገባም» ቢል ምእመናን ገንዘብ አዋጥተው ቦታ ይገዛሉ፣ ነገሩም ያበቃል። መሬት ሁሉ በመንግሥት እጅ በሆነበት አገር ግን ያው ንግግር ፍጹም ሌላ ትርጉም ይይዛል። በአንቀጽ 27 የተረጋገጠው በጋራ የማምለክ መብት በአየር ላይ አይፈጸምም፤ ሶፍ የሚደረደርበት ምድር ይፈልጋል፤ ያን ምድር ሊሰጥ የሚችለው ደግሞ አንድ አካል ብቻ ነው። ብቸኛው ሰጪ «እኔ በዚህ አልገባም» ሲል ገለልተኛ መሆኑ አይደለም፤ መከልከሉ ነው።

ሕጉ ራሱ ይህን ያውቃል። የከተማ ቦታን በሊዝ ስለ መያዝ የወጣው አዋጅ ቁጥር 721/2004 ቦታ በጨረታ እንዲሰጥ ከደነገገ በኋላ፣ በምደባ የሚሰጥባቸውን ጉዳዮች ሲዘረዝር የሃይማኖት ተቋማትን የአምልኮ ቦታ በግልጽ አስገብቷል፤ ውሳኔውንም ለካቢኔ ሰጥቷል። ያን ቀን ያነጋገረን ባለሙያ የሚሠራበት አዋጅ ይኸው ነው። ስለዚህ «በሃይማኖት ጉዳይ አንገባም» ያለን ከአንቀጽ 11 አንብቦ ሳይሆን የራሱን ሕግ ዘንግቶ ነው። እዚህ ላይ ግለሰቡን አልወቅስም። ከከፍተኛ ባለሥልጣናት ንግግር እስከ ሥልጠና ሰነድ የሚሰማው ንባብ ይህ ነውና፤ የሰማውን ደገመ።

የፈረንሳይ ምሳሌ ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል፤ በአብዛኛውም በተሳሳተ መንገድ። የ1905ቱ (እ.ኤ.አ.) የመለያየት ሕግ የወጣው ቤተ ክርስቲያንን ከመንግሥት ለመነጠል ነበር፤ ነገር ግን ከዚያ በፊት የተሠሩት ካቴድራሎችና አጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት በመንግሥትና በማዘጋጃ ቤቶች ባለቤትነት ሆነው ለምእመናኑ በነጻ እንዲያገለግሉ ተደርጓል፤ እስከ ዛሬም ጣሪያቸውን የሚያድሰው በአብዛኛው ማዘጋጃ ቤት ነው። መለያየቱ በታወጀበት ቀን ሕንፃ የነበረው ሕንፃው ቀረለት። በኋላ የመጣው፣ በተለይም ከሰሜን አፍሪካ የሄደው ሙስሊም፣ ባዶ እጁን ከመለያየቱ ሕግ ጋር ተገናኘ። ሕጉ በቃሉ ለሁሉም እኩል ነው፤ መነሻው ግን እኩል አልነበረም። የእኛም አገር መዝገብ እንዲሁ ነው። የእስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት በአዋጅ ሕጋዊ ሰውነት ያገኘው ሰኔ 2012 ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉና በዚህ አዋጅ መካከል 60 ዓመት አለ። በነዚያ 60 ዓመታት ውስጥ ያለ ካርታ የተሠራውን መስጊድ ሁሉ ዛሬ «ሕገ ወጥ ግንባታ» በሚል አንድ ስም መጥራት፣ ዘግይቶ የተከፈተን በር ቀድሞ ያልገባበትን ሰው መቅጣት ነው።

ከዚህ ጋር መነሣት ያለበት ሌላ ነገር አለ። ያው አንቀጽ 11 መንግሥት መግባት በማይገባው ቦታ ሲገባ አላገደውም። በ2003 እና በ2004 መንግሥት የአህባሽን አስተምህሮ በሥልጠና ስም ለኢማሞችና ለመምህራን ሲያቀርብ፣ የአወሊያ ተማሪዎችና ቀጥሎም «ድምፃችን ይሰማ» ያለው ሕዝብ የጠየቀው መለያየቱ ይከበር ብሎ ነበር። የመጅሊስ ምርጫ በመስጊድ ይደረግ ሲባል መስከረም 27 ቀን 2005 በቀበሌ አዳራሽ ተደረገ። የኮሚቴው አባላት ታሰሩ፤ በ2007 ክረምት ከ7 እስከ 22 ዓመት ተፈረደባቸው። በኋላ መፈታታቸውንና ሁኔታው መለወጡን አልዘነጋሁም፤ ለውጡም እውነተኛ ነው። ይሁን እንጂ ለትችታችን የሚጠቅመው ንጽጽሩ ነው። ማን ያስተምር፣ ምን ይማር፣ ማን ይመረጥ በሚለው ላይ መንግሥት ገባ፤ እነዚህ የሃይማኖቱ የውስጥ ጉዳዮች ናቸው። ቦታ፣ ካርታ፣ ፕላን በሚለው ላይ ደግሞ አልገባም አለ፤ እነዚህ የመንግሥት ሥራዎች ናቸው። አንቀጹ ተገልብጦ ተነበበ።

የዚህ ግልባጭ ዋጋ በ2015 ታየ። በሸገር ከተማ ያለ ፈቃድ ተሠሩ የተባሉ ቤቶች ሲፈርሱ መስጊዶችም አብረው ፈረሱ፤ በወቅቱ ከተነገሩት ቁጥሮች አንዱ 19 ነበር። ግንቦት 18 እና ግንቦት 25፣ በሁለት ተከታታይ ጁሙዓዎች፣ በመርካቶ አንዋር መስጊድ ተቃውሞ ተነሥቶ የሰው ሕይወት ጠፋ። አላህ ይዘንላቸው። የአስተዳደሩ ክርክር ግልጽ ነበር፦ የፈረሰው ሕገ ወጥ ግንባታ ነው፣ የግለሰብ ቤትም ፈርሷል፣ ሕግ ሃይማኖት አይለይም። ይህ ክርክር በቀላሉ የሚጣል አይደለም፤ ከእኛ ወገን ብዙዎች እንዳደረጉት በንዴት ብቻ ልንመልሰውም አይገባም። መስጊዱ በዙሪያው ካለው ሰፈር የተለየ ሰነድ አልነበረውምና። ሰፈሩም ሆነ መስጊዱ ከገበሬ በእጅ በተጻፈ ውልና በሦስት ምስክር በተገዛ መሬት ላይ የቆሙ ናቸው።

ጉድለቱ ሌላ ቦታ ነው። መኖሪያ ቤቱ የፈረሰበት ሰው ቢቸግረውም ሌላ ቦታ ተከራይቶ ይገባል። መስጊድ የፈረሰበት ሰፈር፣ በአዲሱ ፕላን ላይ የአምልኮ ቦታ ካልተመደበለት፣ የሚከራየው መስጊድ የለም። ስለዚህ አስተዳደሩ ሊጠየቅ የሚገባው «ለምን አፈረስክ?» የሚለውን ብቻ አልነበረም፤ «በፕላንህ ላይ ትምህርት ቤቱን፣ ገበያውን፣ አረንጓዴ ቦታውን ስታሰምር ሶላት የሚሰገድበትን የት አሰመርከው?» የሚለውን ነበር። የመጀመሪያው ጥያቄ በ«ሕገ ወጥ ነው» ይመለሳል። ሁለተኛው በዚያ ቃል አይመለስም። በዚያ ግንቦት ከሰማኋቸው ንግግሮችና ከአነበብኳቸው መግለጫዎች መካከል ይህን ሁለተኛ ጥያቄ በቅጡ ያቀረበ እጅግ ጥቂት ነው፤ የትችቴ ግማሽ ወደ ራሳችን የሚዞረውም በዚህ ምክንያት ነው።

ወደ ኸጢቡ ንባብ ልመለስ። መንግሥት በአላህ ቤት ላይ ሥልጣን የለውም የሚለው ንግግር ከመስጊዱ ሕንፃ በፊት ያለውን መሬት ይዘልላል። የፊቅህ ሊቃውንቶቻችን ግን አልዘለሉትም። በተቀማ መሬት ላይ የተሰገደ ሶላት ይበቃል ወይስ አይበቃም በሚለው ላይ የተከራከሩት ስለ መሬቱ ግድ ስለነበራቸው ነው። ኢማም አን-ነወዊይ በአል-መጅሙዕ እንደ ገለጹት፣ በሻፊዒያ ዘንድ ሶላቱ ይጸናል፣ ድርጊቱ ግን ሐራም ነው፤ ብዙኃኑም በዚህ ላይ ናቸው። ኢብኑ ቁዳማ በአል-ሙግኒ ከኢማም አሕመድ ሁለት ዘገባ ሲያስተላልፉ፣ በመዝሀቡ የታወቀው ሶላቱ አይጸናም የሚለው ነው። በዚህ ጉዳይ ሊቃውንቱ የተለያዩት በሶላቱ ነው እንጂ በኃጢአቱ አይደለም።

ይህን ስል በገፈርሳም ሆነ በሰበታ የተሠሩት መስጊዶች በተቀማ መሬት ላይ ናቸው ማለቴ አይደለም። ጀመዓው ገንዘቡን ከፍሏል፤ ገበሬው በፈቃዱ ሸጧል። ይሁን እንጂ ገበሬው የነበረው የመጠቀም መብት ነው፤ የሸጠው ደግሞ ባለቤትነትን ነው። ያልያዘውን የሸጠ ሰው ውል በፊቅህም ቢሆን ጥያቄ ያስነሣል። ወቅፍ የሚሆነው ሰው የያዘው ነገር ነው፤ የመጠቀም መብትን ብቻ ወቅፍ ማድረግ ይቻላል ወይ በሚለው ላይም መዝሀቦቹ ይለያያሉ፤ ማሊኪያዎች ሲፈቅዱት አብዛኛዎቹ አይፈቅዱም። በመድረሳዎቻችን የወቅፍን ምዕራፍ ስናስተምር በአገራችን የመሬት ሥርዓት ላይ ይህን መሰል ጥያቄ አንሥተን እናውቃለን? እኔ ለ14 ዓመት ሳስተምር አላነሣሁትም። ተማሪዎቼ የግመል ዘካ በልካቸው ያሰላሉ፤ በሰፈራቸው መስጊድ መሬት ላይ ግን ሑክሙን አይጠይቁም።

የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) መስጊድ እንዴት እንደ ተሠራ ሁላችንም እናስተምራለን፤ ብዙ ጊዜ ግን ግመሊቱ የተንበረከከችበትን ቦታ ተናግረን እናልፋለን። በቡኻሪ እንደ ተዘገበው መሬቱ የሰህልና የሱሀይል፣ የሁለት የቲሞች፣ ቴምር ማድረቂያ ነበር። በስጦታ እንሰጣለን ሲሉ ነቢዩ አልተቀበሉም፤ ዋጋውን ከፍለው ወሰዱ። በሌላኛው ዘገባ ደግሞ በኒ ነጃሮችን ጠርተው ዋጋ እንዲነግሯቸው ጠየቁ፤ እነርሱ ዋጋውን ከአላህ እንጂ አንፈልግም አሉ። ሁለቱን ዘገባዎች የሚያገናኛቸው አንድ ነገር ነው፦ ከመጀመሪያው ጡብ በፊት የመሬቱ ጉዳይ ከባለቤቱ ጋር ተነጋግሮ አልቋል።

ሁለተኛው ታሪክ ለገዢም ለተገዢም ትምህርት ይሆናል። ዑመር ብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) የነቢዩን መስጊድ ለማስፋት የአልዐባስን ቤት ሲፈልጉ አልዐባስ እምቢ አሉ። ነገሩ ወደ ኡበይ ብኑ ከዕብ ዳኝነት ሄደ፤ ኢብኑ ሰዕድ በጠበቃት እንዳስተላለፉት ኡበይ የፈረዱት ለአልዐባስ ነው። የአገሪቱ መሪ፣ ለመስጊድ ብሎ በጠየቀው መሬት ላይ፣ በዳኛ ፊት ተረታ። አልዐባስ ቤቱን የሰጡት ከተፈረደላቸው በኋላ፣ በፈቃዳቸው ነው። ከዚህ ዘገባ አስተዳዳሪው የሚማረው መሬት ሲነሣ ገለልተኛ ዳኛ ሊኖር እንደሚገባ ነው፤ የመስጊድ ኮሚቴው ደግሞ «ለአላህ ቤት ነው» የሚለው ቃል ብቻውን የመሬትን ጥያቄ እንደማይዘጋ ይማራል። በሱረቱል ሐጅ 40ኛው አንቀጽ የገዳማት፣ የአብያተ ክርስቲያናት፣ የምኩራቦችና የመስጊዶች ከመፍረስ መጠበቅ በአንድ ተርታ መጠቀሱም፣ ይህን ፍትሕ ለራሳችን ብቻ እንዳንጠይቅ ያስገድደናል።

የዳኛው መንገድ በአገራችን ዝግ አይደለም። በ2017 በአክሱም ተማሪዎች በሒጃባቸው ምክንያት ከትምህርት ሲታገዱ ጉዳዩ በትግራይ እስልምና ጉዳዮች ምክር ቤት በኩል ወደ ፍርድ ቤት ሄዶ በጥር ወር ጊዜያዊ እግድ ተሰጥቷል። እግዱ በተግባር ምን ያህል ተከበረ የሚለው ሌላ ክርክር ነው። ነገር ግን ስም፣ ቁጥር፣ ቀንና የተጣሰ አንቀጽ የያዘ መዝገብ ተከፍቷል፤ «አልገባም» የሚለው ቃልም ለዳኛ መልስ አይሆንም።

መዝገብ ለመክፈት ግን ሰነድ ያስፈልጋል፤ እዚህ ላይ የእኛን ጓዳ መናገር ግድ ነው። ከማውቃቸው የዙሪያው መስጊዶች የብዙዎቹ የግዢ ውል በአንድ ደግ ሰው ስም የተጻፈ ነው። ደጉ ሰው ሲሞት ወራሾቹ ይመጣሉ፤ ከወራሾቹ አንዱ ግቢውን ለመከፋፈል ሲጠይቅ ኮሚቴው በእጁ ያለው የአዛውንቶች ቃል ብቻ ነው። ወቅፍ መሆኑ በወረቀት አልሰፈረም፤ በወረዳው መጅሊስ አልተመዘገበም። ሁለት ጀመዓ ስለ ተጣላ ብቻ በ200 እርምጃ ርቀት ሁለተኛ መስጊድ የተሠራበትን ሰፈርም አውቃለሁ፤ ለአንዱም ካርታ የለም። የምደባ ጥያቄ ለካቢኔ ሲቀርብ የምእመናኑ ቁጥር፣ የቅርቡ መስጊድ ርቀት፣ የጠያቂው ተቋም ሕጋዊ ውክልና ይጠየቃል። ይህን ማዘጋጀት የፖለቲካ ሥራ አይደለም፤ የአማና ሥራ ነው። ሰላም ሚኒስቴር በቅርብ ዓመታት ባዘጋጀው የሃይማኖት ጉዳዮች ረቂቅ አዋጅ ላይ ስንወያይ ክርክራችን ሁሉ በአለባበስና በመንግሥት ተቋማት ውስጥ በሚደረግ አምልኮ ላይ ነበር፤ ተገቢም ክርክር ነው። የአምልኮ ቦታ አሰጣጥ ግን ከእኛ በኩል ድምፅ ሳያገኝ ያለፈ ይመስለኛል።

ባለፈው ዙል-ሒጃ የገፈርሳው ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ ማንበብ የማይችሉ ግን ሁሉን የሚያስታውሱ አዛውንት፣ ከዙሁር በኋላ ከሁለት የመድረሳ ተማሪዎች ጋር አስቀመጡኝ። በቆርቆሮው መስጊድ በጁሙዓ የሚሰግደውን ሰው በሦስት ተከታታይ ሳምንት ቆጥረን ነበር። ከገበሬው ልጅ ጋር ተነጋግረን አባቱ የፈረመውን ውል ቅጂ አገኘን፤ ውሉ በስሙ የተጻፈለት ሰው ልጆችም ግቢው የሰፈሩ ሙስሊሞች ወቅፍ መሆኑን በምስክር ፊት ፈረሙ። ከልጆቹ አንዷ ከመፈረሟ በፊት ሁለት ጊዜ አስነበበችን፤ ትክክል ነበረች። ደብዳቤውን ለካቢኔ ስንጽፍ አንደኛው ተማሪ በአንቀጽ 11 እንጀምር አለ። በአንቀጽ 27 ጀምረን አዋጅ 721ን አስከተልን። ሰብሳቢው ካነበብንላቸው በኋላ ዝም ብለው ቆዩና፣ ከ50 ዓመት በፊት በሰልፉ ላይ ከአባታቸው ጋር መኖራቸውን ነገሩን፤ የዚያን ቀን የጠየቅነው ይህን ነበር አሉ። ከዚያ ማኅተሙን አምጡ ብለው ለዐስር ውዱእ ለማድረግ ተነሡ።